ከተረቱ ሥር ያለውን ዕቃ ፈልጉ፦ የአባባል መነሻን ለንግድ ጽሑፍ ማዋያ

አንድ የድሬዳዋ ወይም የሐረር ሱቅ የቴሌግራም ገጽ ሲከፍት በመጀመሪያው ወር የሚጽፈው አያጣም፤ ዋጋ፣ አዲስ የገባ ዕቃ፣ የበዓል መልካም ምኞት። ከዚያ በኋላ ያው ዋጋ፣ ያው ምኞት ይደጋገምና ተከታዩ የገጹን ድምፅ አጥፍቶ ያልፋል። ይሄኔ ብዙ ነጋዴ ወደ ተረትና ምሳሌ ፊቱን ያዞራል። ማዞሩ ደግ ነው። የሚበላሸው አጠቃቀሙ ላይ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ስልክ ቁጥር መደርደር ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም። ተረቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። ያልሰማው ድሩ የማን እንደሆነ ነው፦ የሸረሪት ነው ወይስ ሸማኔ ወጥሮ ማግ የሚያስገባበት ክር? ይህችን ጥያቄ ብቻ ጽፋችሁ ብትለጥፉ አስተያየቱ ይደራል።

ለንግድ ጽሑፍ የሚጠቅመው ከተረቱ ሥር ያለው ዕቃ ነው። ዕቃ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እውነት መሆን አለመሆኑ ይጣራል፤ ከምትሸጡት ነገር ጋርም በግድ ሳይጎተት ይገናኛል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዕቃውን እንዴት ማግኘት፣ ማጣራትና መጻፍ እንደሚቻል ነው።

መነሻው ከየት ነው?

አባባሎች በብዛት ከሦስት ቦታ ይመጣሉ። አንደኛው ከሥራና ከዕቃ ነው፤ ጋን፣ ሞፈር፣ ልጥ፣ ጨው፣ ቁርበት። ሁለተኛው ከተረት ነው፤ አንበሳና ጦጣ ሲነጋገሩ ቆይተው የታሪኩ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ብቻ በሰው አፍ የቀረችበት። ሦስተኛው ከሰው ነው፤ «ይህን ያሉት እገሌ ንጉሥ ናቸው፣ በእገሌ ጦርነት ጊዜ» የሚባለው።

ሦስተኛውን ተዉት። ቀልድ ያለበት ነገር ሁሉ ወደ አለቃ ገብረ ሃና፣ ቁጣ ያለበት ሁሉ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ብልሃት ያለበት ሁሉ ወደ ዐፄ ምኒልክ ሲጠጋ የኖረ ነው። ያው አነጋገር በአንዱ አፍ የአንዱ ንጉሥ፣ በሌላው አፍ የሌላው ይሆናል፤ የምታቀርቡት ማስረጃ ደግሞ አይኖራችሁም። አንድ አንባቢ «ይህ የእሳቸው አይደለም» ብሎ ሲጽፍ ከተረቱ ጋር የዕቃችሁም ስም አብሮ ይጎዳል። ሁለተኛው ዓይነት ይሠራል፤ ግን ታሪኩን ከአፍ እስከ ገደፉ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አለባችሁ፤ ታሪኩ ረዥም ከሆነም ለቪዲዮ እንጂ ለጽሑፍ አይመችም።

አንድ አባባል የእኛ ብቻ ነው ብሎ መጻፍም አደጋ አለው። «ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ» በዓረብኛም፣ በቱርክኛም፣ በፋርስኛም አለ። በሐረርና በዘይላ ወደብ መካከል ሲራራ ነጋዴ ግመል ጭኖ ሲመላለስ የኖረበት አገር ስለሆነ አባባሉ ለዚህ አካባቢ ይስማማል፤ የትራንስፖርት ድርጅት ቢጠቀምበት ያምርበታል። «ይስማማል» ማለትና «ከዚህ ተወለደ» ማለት ግን አይገናኙም፤ የመጀመሪያውን ጻፉ።

ከመደርደሪያችሁ ጀምሩ

የተረትና ምሳሌ መድበል ገልጦ የሚጥመውን መምረጥ የተለመደ ነው፤ ውጤቱም ከሱቁ ጋር የማይገናኝ ጥቅስ ነው። ተቃራኒውን አድርጉ። ከምትሸጡት 10 ነገር ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከምን ተሠራ፣ በምን መሣሪያ ይሠራል፣ ሲበላሽ ምን ይሆናል። አባባል የምትፈልጉት ለእነዚህ ሦስት ዓምዶች ነው።

የሐረር ቡና የሚያዘጋጅ ሰው ዝርዝሩ ላይ «ማድረቅ» እና «በእጅ መልቀም» ይገባሉ። የሐረር ቡና ቀይ እሸት ሳለ ተለቅሞ ሳይታጠብ ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው። ያለ ጊዜው የተሰበሰበ፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ፍሬ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ የተበላሸውን እየለዩ ማውጣት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እዚህ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። የአባባሉ ዕቃ እህል ነው፤ ተቻኩሎ ሲገለብጥ መሬት ላይ የፈሰሰውን እህል ከአፈርና ከጠጠር መሐል አንድ በአንድ መልቀም። ቡና ለቃሚዋ ሰፌድ ላይ የምትሠራውን በቅርብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከዚህ አባባል ጋር ሲሄድ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቁጠባና ብድር ማኅበር ከሆነ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ላይ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። እነዚያን ቀናት ከውጭ ለሚያይ ምንም አልተለወጠም፤ ቅርፊቱ ያው ነጭ ቅርፊት ነው። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ከሥሩ ቢበራበት ግን በሳምንቱ ገደማ የደም ሥሮቹ ይታያሉ። ዶሮዋም ዝም ብላ አትተኛም፤ በቀን ደጋግማ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ይህን የ21 ቀን ተከታታይ ልጥፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከተማ ዳር ዶሮ የምታስታቅፍ ቤት ፈልጋችሁ በ1ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ21ኛው ቀን ፎቶ ማንሣት ብቻ ነው። አባል የሆነ ሰው በየሳምንቱ የሚያስገባው ገንዘብ ለምን ወዲያው ለውጥ እንደማያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ምግብ የሚያሽጉ ደግሞ ጨው አላቸው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ለዛሬ አንባቢ ትንሽ ግራ ያጋባል፤ እሱ የሚያውቀው ጨው በላስቲክ የታሸገ ዱቄት ነው። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ግን እንደ ጡብ ተጠርቦ በግመል የሚጫን ነው። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ሲመጣ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶታል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመንም በገንዘብነት ቆይቷል። ጥርብ ጨው ከጥርብ ድንጋይ የሚለየው ሲቀምሱት ነው። የበርበሬ ወይም የሽሮ አምራች ይህን ሲጽፍ ተረቱን ወደ ራሱ አዙሮ ይጻፈው፦ ማሸጊያው ምንም ቢያምር የሚፈርደው ምላስ መሆኑን እናውቃለን ብሎ። ወደ ሌላ ሰው ከዞረ ወቀሳ ይሆናል።

ማጣራት

ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ «ጋን በጠጠር ይደገፋል የተባለው ለዚህ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። አክባሪ ሰው «አዎ ልጄ» ይልና ነገሩ ያበቃል። ይልቅ የአባባሉን ግማሽ ተናገሩና ዝም በሉ፤ ሌላውን ግማሽ እሳቸው ይሙሉት። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች፣ ሰውዋ ከየአቅጣጫው የተሰባሰበባት ከተማ ናት፤ የሸዋው፣ የወሎው፣ የጎንደሩ አባባል በአንድ ሰፈር ይገናኛል። አንዱ አባባል ሁለት ሦስት መልክ ቢኖረው ስሕተት አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ተረቱ ሳይሆን ስለ ሥራው ጠይቁ። «ጋን ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚቀመጠው?» «ልጥ ከመታሰሩ በፊት ምን ይደረግበታል?» ቢያንስ ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ዛሬም የሚሠራ ይሁን። ድሬዳዋ ላይ ቀፊራ ገበያ እህል ነጋዴውንም፣ የሸክላ ዕቃ ሻጯንም በአንድ ጠዋት ታገኛላችሁ፤ ከሞቀ በኋላ ግን ማንም ቆሞ አያወራችሁም፤ ማልዳችሁ ሂዱ። ሐረር ላይ የጀጎል ግንብ በሮች ዙሪያ ያሉት ገበያዎች አሉ፤ የድሮ ዕቃ በዓይን ለማየት ደግሞ የራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ጥሩ ነው። የሐረር አሚሮች ያሳተሙትን የከተማዋን ገንዘብ ያየ ሰው ስለ ገንዘብ የሚነገሩ አባባሎችን የሚጽፍበት ብዕር ይለወጣል።

ለእያንዳንዱ አባባል አንድ ገጽ ክፈቱ፦ አባባሉ እንደተነገረው፣ ዕቃው፣ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን ነገራችሁ፣ የነገራችሁ ሰው ያደገው የት ነው፣ ቀኑ። ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ሦስቱ ሰዎች በዕቃው አሠራር ላይ ከተስማሙ ጻፉት። ካልተስማሙ አትጻፉት፤ «እንደሚባለው» የምትል ቃል ጣል አድርጎ ማለፍ ለአንድ ቀን ያድናል፤ በየሳምንቱ ከተደጋገመች ግን አንባቢ ገጹን የወሬ ገጽ ያደርገዋል።

ደንበኛው ማን ሆነ?

ብዙ ጥሩ የተጣሩ ጽሑፎች የሚወድቁት እዚህ ነው። በእያንዳንዱ አባባል ውስጥ ገጸ ባሕርይ አለ። አባባሉን ስትለጥፉ ደንበኛው ሳታስቡት አንዱን ቦታ ይይዛል።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን እንይ። ዕቃው ቁርበት ነው፤ የደረቀ የከብት ቆዳ፣ የድሮ ቤት መኝታ። ጅብ ቆዳ ይበላል፤ ደረቁንም አይምርም። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ቁርበት አያነጥፍለትም፤ ሌሊቱን ምንጣፉን ይበላዋል። ክብር የሚጠይቀው ጠባዩን በማያውቁበት አገር ነው። መነሻው ግልጽ፣ ዕቃው የሚታይ፣ ታሪኩ ደግሞ ሳቢ ነው። ጀጎል ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ይህን አግኝቶ ደስ ብሎት ቢለጥፈው ግን ሩቅ አገር መጥቶ መኝታ የሚጠይቀው ማን ሊሆን ነው? እንግዳው። ማረፊያው የራሱን ደንበኛ ጅብ አለው ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በአማርኛ ተረት ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ ሐረር ላይ ግን ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ስሙ እየተጠራ የሚመገብ፣ በአሹራ ገንፎ የሚቀርብለት፣ ግንቡ ላይ ራሱን የቻለ መግቢያ ቀዳዳ የተተወለት ጎረቤት ነው። የከተማው ሰው ጅቡ ሲሰደብ ደስ አይለውም። ይኸው አባባል ኦርጅናል መለዋወጫ ለሚሸጥ ድርጅት ግን በደንብ ይሠራል፤ እዚያ ጅቡ ከየት እንደመጣ ያልታወቀው አስመሳይ ዕቃ ነው፣ ደንበኛው ደግሞ ጠባዩን አውቆ ቁርበት የማያነጥፈው ብልህ ባለቤት። ዕቃው አንድ፣ መነሻው አንድ፣ ቦታው ሲለወጥ ስድቡ ምስጋና ሆነ።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የጥበቃ ካሜራ ሻጮች የሚወዱት ነው። ሞፈር የማረሻው ረዥም ግንድ ነው፤ ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ደግሞ በሰው ደጅ ካልሆነ በቀላሉ አይገኝም። መነሻው ያምራል፤ ግን ካሜራ ያልገዛውን ሰው ሞኝ ይለዋል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ም እንደዚሁ ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት አባባሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡና «እኔ የትኛው ነኝ? ገዢው የትኛው ነው?» ብላችሁ መልሱን ጻፉት። ገዢው ሞኝ፣ ሌባ ወይም አውሬ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ

ለድሬዳዋ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የሚሆን ይኸውና፦

«ባዶ ጋን ሜዳ ላይ አስቀምጡት፤ ዘመም ብሎ ይተኛል። ግርጌው ክብ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም። ሸክላ ሠሪዋ ጠፍጣፋ ማድረግ አቅቷት አይደለም፤ ጠርዝ ያለው ሸክላ ሲተኮስ ከጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት መሬቱን ጎድጎድ ታደርግና ጋኑን ታሳርፋለች፣ ከዙሪያው ሦስት አራት ጠጠር ትሸጉጣለች። ውሃ ሲሞላ ሁለት ሰው የማያነሣው ጋን ቀጥ ብሎ የሚቆመው በነዚያ ጠጠሮች ነው። አንዷን ብታወጧት ያዘነብላል። ጋን በጠጠር ይደገፋል።

ባጃጇም ሞተሯ ደህና ሆኖ የፍሪሲዮን ኬብል ሲበጠስ ቆማ ትውላለች። ኬብል፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ የነዳጅ ፊልትሮ በየዓይነቱ አለን። እሑድ ጠዋትም ክፍት ነን።»

አደራደሩን ልብ በሉ። አባባሉ የመጣው ከመሐል በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ቢሆን አንባቢው «አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ዘመም ያለ ጋን ግን ምን ሊባል እንደሆነ አያውቅምና ያነባል። የሱቁ ጉዳይ የያዘው የመጨረሻውን ሩብ ብቻ ነው። «ምርጥ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው»፣ «ታማኝ» የሚሉ ቃላት የሉም፤ ኬብልና ካንዴላ በስማቸው ተጠርተዋል። ደንበኛው ጋኑ ነው፣ ሱቁ ጠጠሩ፤ ሱቁ ራሱን ዝቅ ስላደረገ ገዢው ከፍ አለ። ከግርጌ «እኛም እንደ ጠጠሩ ደንበኞቻችንን እንደግፋለን» የምትል ማብራሪያ ለመጨመር እጃችሁ ይበላችኋል። አትጨምሩ፤ አንባቢው ራሱ የደረሰበትን ነገር መልሳችሁ ስትነግሩት ይቀዘቅዛል።

ሌላው ጉዳይ አንቱታ ነው። አባባሎች «አንተ» ይላሉ፤ ጨው ለራስህ፣ በሬ ሆይ። ድሬዳዋ ላይ በአንተና በአንቺ መነጋገር የተለመደ ስለሆነ ብዙ አያስከፋም፤ ሆኖም የድርጅት ጽሑፍን ሐረርም፣ ጅግጅጋም፣ አዲስ አበባም ያነበዋል። አባባሉን «ለራስዎ ሲሉ ይጣፍጡ» ብላችሁ አታጣምሙት፤ እንዳለ ተዉትና የራሳችሁን ዐረፍተ ነገሮች በእናንተ ወይም በእርስዎ ጻፉ።

ፎቶና ልክ

ከኢንተርኔት የወረደ የጋን ሥዕል ጽሑፉን ይገድለዋል። እውነተኛውን ዕቃ በስልክ አንሡ። የድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ሸክላውን ነጭ አድርጎ ቅርፁን ያጠፋዋል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ። አንድ ፎቶ ዕቃውን ሙሉ፣ አንድ ፎቶ ወሳኙን ቦታ በቅርብ፤ ለጋኑ ወሳኙ ቦታ ጠጠሩና መሬቱ የሚገናኙበት ነው። የባለሙያዋን እጅ ወይም ፊት የምታነሡ ከሆነ ለማስታወቂያ መሆኑን ንገሯትና ጊዜዋን ክፈሏት።

የቴሌግራም የፎቶ መግለጫ እስከ 1,024 ፊደል ይይዛል፤ ፎቶ የሌለው መልእክት እስከ 4,096። ከላይ ያለው የጋን ጽሑፍ በፎቶ መግለጫ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ለቲክቶክ ስልኩን ቁመቱን ይዛችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ላይ ጋኑ ሲያዘነብል አሳዩ፤ ድምፅ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከ40 ሰከንድ አይለፍ።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለደንበኛ የምትልኩ ከሆነ ገንዘብ የሚበላ ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። 71ኛው ፊደል ሲገባ መልእክቱ ባለ 67 ፊደል ቁርጥራጮች ይሆንና በሁለት መልእክት ይታሰባል። ለሺህ ሰው ስትልኩ ወጪው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መነሻውን በቴሌግራም ተርኩ፤ በአጭር መልእክት አባባሉን ብቻ ላኩ፦ «ጋን በጠጠር ይደገፋል። የባጃጅ ኬብልና ካንዴላ ገብቷል። ቀፊራ አጠገብ ነን።» ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 48 ነው፤ ባለ 10 አኃዝ ስልክ ቁጥር ቢጨመርም አያልፍም።

ባነር ለማሳተም ስትሄዱ ጽሑፉን ወደ ምስል ወይም ወደ ፒዲኤፍ ለውጣችሁ ውሰዱ። በዩኒኮድ (ስልኮች ዛሬ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) የተጻፈ አማርኛ የድሮ የግዕዝ ፊደል ብቻ በጫነ ኮምፒውተር ሲከፈት አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል፤ በድሮው የተጻፈው ደግሞ በሌላው ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል።

እዚህ አካባቢ የማይለጠፉ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ጥሩ አባባል ነው፤ ለብድርም ለኢንሹራንስም የሚመች ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ አትጠቀሙበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ቤተሰቦቻቸው ዛሬም እዚሁ ናቸው።

«በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የአገር ውስጥ አምራች ችላ መባሉን በደንብ ይናገራል፤ ልጡ ለማሠሪያ የሚላጠው የዛፍ ልጣጭ ነው፣ እንዲለሰልስ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ነገር ግን ጠበል የአንድ ሃይማኖት ቅዱስ ነገር ስለሆነ ለሁሉም እምነት ተከታይ የሚሸጥ ድርጅት ቢተወው ይሻላል። ጋኑንም ስታነሡ በጠላ ሞልታችሁ አታሳዩ፤ ውሃም በጋን ይቀመጣል፣ ተረቱ ምንም አይጎድልበትም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ዓይነቱ በገበያ ሰው ያስቃል፤ በድርጅት ስም ሲወጣ ግን ጉቦ የለመደ ያስመስላል። ሴትን፣ አካል ጉዳተኛን፣ ብሔርን፣ ባለ እጅን የሚያዋርዱ አባባሎች ብዙ ናቸው፤ መነሻቸው የቱንም ያህል ቢማርክ አይነኩ። በተለይ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ በገዛ አገራቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ ከእነሱ ሥራ የወጣ አባባል ስትጠቀሙ ሥራቸውን አክብራችሁ ጻፉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የሰውን ክብር የሚነካና የሌላውን ድርጅት ዕቃ የሚያንኳስስ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በተረት ተሸፍኖ መምጣቱ አያድነውም።

በሌላው ቋንቋ፣ በበዓሉ ቀን

ደንበኞቻችሁ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ ይናገራሉ። የአማርኛውን አባባል አትተርጉሙላቸው። ጋኑን ወይም ግመሉን አሳዩና «በእናንተ ስለዚህ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በቋንቋው ያደገ ሰው ይጻፈው፣ ሌላ በቋንቋው ያደገ ሰው ያንብበው።

በሳምንት አንድ ልጥፍ ይበቃል፤ ለሦስት ወር 12 ወይም 13 የተጣራ አባባል ማለት ነው። ለበዓላት የሚሆኑትን አስቀድማችሁ ያዙ። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፤ ለሆቴልና ለትራንስፖርት የሚሆነው ጽሑፍ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይውጣ፤ መንገደኛው መኪናና ማደሪያ የሚይዘው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረር ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ የሚከበር ነው። የእስልምና በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ስለሚውሉ ያለፈውን ዓመት ቀን ኮርጃችሁ አትያዙ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግታ ታርፋለች፤ ሰው ስልኩን የሚከፍተውም ጋደም ሲል ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ሞክሩ፤ ከዚያ ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ለጥፉና ሁለቱን አወዳድሩ።

መቁጠር

የተመልካች ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቴሌግራም ላይ ስንት ሰው እንዳየውና ስንት ሰው ለሌላ እንዳስተላለፈው ይታያል፤ ለተረት ጽሑፍ ዋናው ሁለተኛው ነው። ከዋጋ ልጥፎቻችሁ ጋር በመቶኛ አስተያዩት። ሽያጭ ለመለካት ከዕቃው ስም አንዷን ቃል ምልክት አድርጉ፤ «ሲደውሉ ‹ጠጠር› ይበሉ፣ ማድረሻው በነፃ ነው» ብላችሁ ጻፉና ጠጠር ያለውን ሁሉ ስልክ የሚያነሣው ሰው ደብተር ላይ መስመር ያስምር። ለየልጥፉ ቃሉን ቀይሩ።

አንባቢዎች «በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው» ብለው ሲጽፉ አትከራከሩ። ያደጉበትን አካባቢ ጠይቋቸው፣ አባባሉን እንደጻፉት ወደ መዝገባችሁ ገልብጡት፣ ዕቃውን ደግሞ በሚቀጥለው የገበያ ቀን አጣሩ።